ስንቁን ማን ኦዲት ያድርገው?

የፖሊስና የማረሚያ ቤት በጀት በኦዲተርና በምክር ቤት በደንብ ይፈተሽ የሚል ጽሑፍ አነበብኩ፤ ጸሐፊው ልክ ነው። ግን ኦዲተር የሚያየው ደረሰኝ ነው። እዚህ ባሕር ዳር ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ጠዋት ቆማችሁ እዩ። ከዘጌ በጀልባ የመጣች እናት ለታሰረ ልጇ ስንቅ በፔስታል ይዛ ትሰለፋለች። ለፍተሻ እንጀራው ይገለበጣል፣ ወጡን ራሷ ቀምሳ ታሳያለች። የጀልባው፣ የባጃጁ፣ የሽሮው ወጪ የትኛው መሥሪያ ቤት ሒሳብ ውስጥ ገባ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከዚያ በኋላ ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር ስንቁም ይራዘማል (የጠበቃውን ተዉት)። ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን እስር ቤቶችን ይጎበኛል፤ ጥሩ ነው። የምክር ቤት አባሎቻችንም ሪፖርት ከማዳመጥ አልፈው፣ አንድ ቀን ሳይናገሩ መጥተው እዚያ ሰልፍ ላይ ይቁሙ። ምሳ ሰዓት ቢሆን ይመረጣል።