ቃል በቁና አይሰፈርም

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ለጀማሪ ባለሙያዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ አንድ አሠልጣኝ፣ «የግል ተርጓሚ በቃል ቁጥር ያስከፍል፤ ዓለም የሚሠራው እንዲህ ነው። ደንበኛውን ደግሞ የትርጉም ድርጅቶች ያመጡለታል» ብለው መከሩ። ከደብረ ማርቆስ ድረስ ሄጄ የሰማሁት ይህንን ነው። ምሳው ግን ጥሩ ነበር።

የትኛው ዓለም? ጀርመኖች እንኳ ለፍርድ ቤት ትርጉም የሚከፍሉት ቃል ቆጥረው ሳይሆን፣ ክፍት ቦታን ጨምሮ 55 ፊደል የሚይዝ መስመር ቆጥረው ነው። ቃላቸው እየተቀጣጠለ ስለሚረዝም በቃል መቁጠሩ አያዋጣቸውም። የእኛስ? «ስላልነገርኳቸው» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ይህንኑ ለማለት ስድስት ቃል ያወጣል። እንግዲህ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው በአማርኛው ቃል ከተከፈለው፣ ቋንቋውን ባሳመረ ቁጥር ይደኸያል ማለት ነው። «ወሰነ» ብሎ የሚጨርሰው ይቀጣል፤ «ውሳኔ የመስጠት ተግባር አከናወነ» እያለ የሚያንዛዛው ይሸለማል። ከዋሸራ እስከ ጎንጅ ባሉት የቅኔ ቤቶች በአንዲት ቃል ሁለት ምሥጢር ማናገር ሲያስተምር በኖረ አገር፣ እንጀራችን ቃል በማብዛት ይሁን? አምና 3,000 ቃል የነበረ የእንግሊዝኛ ውል በአማርኛ ወደ 2,000 ሲወርድ፣ ሥራውን የሰጠኝ ድርጅት ክፍያዬንም አብሮ አወረደው። «የቀረውን የት አደረስከው?» ያለኝ የሒሳብ ሠራተኛ እየቀለደ አልነበረም።

በእንግሊዝኛው ቃል ይቆጠር የሚሉም አሉ። አርባ ቃል ያለው የውል አንቀጽ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ አርባ ቃል ያለው የሆቴል የምግብ ዝርዝር ግን ቡናው ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ዋጋቸው እኩል ነው?

ድርጅቶቹንማ ተዉአቸው። እኩል የሚያሳርስ ባለመሬት ቢያንስ መሬቱን ይሰጣል፤ እነዚህ የሚሰጡት ከደንበኛው ተቀብለው ያስተላለፉትን ኢሜይል ነው። «አራሚ አለን» ይላሉ፤ እኔ የአራሚ እጅ ያረፈበት ገጽ ተመልሶልኝ አያውቅም።

የልደት የምስክር ወረቀት በገጽ ይሁን፣ ቅጹ ያው ነውና። ሌላው ሁሉ ከባለጉዳዩ ጋር በቀጥታ፣ ጽሑፉ ተነብቦ፣ ለሥራው በሙሉ በተቆረጠ ዋጋና በጽሑፍ ውል ይሁን፤ ግማሹም በቅድሚያ ይከፈል። መጽሐፍ ሲሆን ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ትርጉሙን ራሱን የቻለ ሥራ አድርጎ ይጠብቀዋል፤ በቃል ቆጥሮ ያስረከበ ሰው ምን እንደሸጠ እንኳ አያውቅም።

አሠልጣኙም ማምሻውን የአበል መዝገብ ላይ ሲፈርሙ፣ ቀኑን ሙሉ የተናገሩትን ቃል ማንም አልቆጠረባቸውም።