ሳይከፍሉ የማይመለስ ጥያቄ

ታናሽ እህቴ ፊዚዮቴራፒ ካልሆነ ሌላ አልማርም ካለች ሁለት ዓመት አለፋት። አባታችን በስትሮክ ምክንያት ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው በኋላ በየሳምንቱ ወደ ሆስፒታል ይዛቸው የምትሄደው እርሷ ነበረች፤ ባለሙያው እጃቸውን እንዴት እንደሚያፍታታ፣ ከአልጋ ለመነሣት እግራቸውን የት ማኖር እንዳለባቸው ሲያሳይ በጥሞና ተከታትላ፣ ማታ ቤት ውስጥ ያንኑ ትደግምላቸው ነበር። ዛሬ አባታችን በከዘራ ተደግፈው መስጊድ ደርሰው ይመለሳሉ። ሙያው ምን እንደሆነ የምታውቀው እንዲህ ነው።

ያቃተን ትምህርት ቤት መምረጥ ነው። በአገራችን ይህን ትምህርት በዲግሪ በማስተማር ቀዳሚው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ነገር ግን እኛ ካለንበት ከጅማ ጎንደር በአዲስ አበባ በኩል ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ከመሆኑም ሌላ፣ በመንግሥት ምደባ የሚገባ ተማሪ የፈለገው ዩኒቨርሲቲና የፈለገው ትምህርት ክፍል እንደሚደርሰው ማንም ዋስትና አይሰጠውም። ስለዚህ በማስታወቂያቸው ላይ ፊዚዮቴራፒ ብለው የጻፉ የግል ኮሌጆችን ማጠያየቅ ጀመርን።

የጠየቅነው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የእውቅና ፈቃዱ፣ ማለትም ኮሌጁ እንዲያስተምር የተሰጠው ፈቃድ፣ ለዚህ ትምህርት መስክና ለዚህ ካምፓስ የተሰጠ ነው ወይ? የሚያስተምሩት ፊዚዮቴራፒስቶች ናቸው ወይ? ተማሪው ተግባራዊ ልምምድ የሚያደርገው በየትኛው ሆስፒታል፣ ለስንት ወር ነው? አንደኛው ኮሌጅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፈቃድ አሳየን፤ ቀርቤ ሳነብበው የነርሲንግ ነበር። የእውቅና ፈቃድ ለኮሌጅ ስም በጅምላ የሚሰጥ ሳይሆን ለየመስኩና ለየካምፓሱ የሚሰጥ መሆኑን ስናስረዳ፣ «እርሱ በሂደት ላይ ነው» ተባልን። ሌላው ኮሌጅ ደግሞ የልምምዱን ቦታ ስንጠይቅ፣ ክፍያ ከፈጸማችሁ በኋላ በኦረንቴሽን ይገለጽላችኋል አለን።

እኔን ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ይህ ሁለተኛው መልስ ነው። ፊዚዮቴራፒ በእጅ የሚለመድ ሙያ ነው። የደረቀ ጡንቻ ስንት እንደሚገፋና የቱ ላይ መቆም እንዳለበት፣ እግሩ ቆልመም ብሎ የተወለደን ሕፃን በየሳምንቱ ጀሶ እየቀየሩ እንዴት በቀስታ እንደሚያቀኑት፣ ከቃጠሎ በኋላ የተኮማተረ ክንድ እንዴት እንደሚዘረጋ በስላይድ ብቻ አይታወቅም። አባታችን በታመሙ ሰሞን አንድ ደግ ጎረቤት ሊያነሣቸው ፈልጎ የዛለውን እጃቸውን ጎትቶት ትከሻቸውን ለሳምንታት ሲያማቸው ከርሟል። ጎረቤት ባለማወቁ ይቅር ይባላል፤ በሽተኛ ሳይነካ የተመረቀ ባለሙያ ያንኑ ቢያደርግስ?

የጅማ ሰው ደግሞ በዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ዛሬ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ከነበረበት ዘመን ጀምሮ፣ ማኅበረሰብ ተኮር በሆነው ትምህርቱ ተማሪዎች መዝገብ ይዘው በየሰፈራችን፣ በየገጠሩ ሲወጡ እያየን አድገናል። ልምምድ የትምህርቱ ግማሽ አካል መሆኑን እናታችንም ታውቃለች።

የሚያስፈራኝ ስሕተቱ የሚታወቀው ገንዘቡም ዕድሜውም ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው፤ የጤና ባለሙያ ደግሞ ከዚያ በላይ የሙያ ፈቃድ ምዘና ይጠብቀዋል። በመጨረሻው ዓመት ማብቂያ ላይ ፈተናው ሲወድቅባት ወይም ፈቃድ ስትከለከል፣ ዛሬ «በሂደት ላይ ነው» ያለን ሰው በዚያ ወንበር ላይ ላይኖር ይችላል። አባቴ ለዚህ ትምህርት ሊሸጡ ያሰቡት የቡና መሬት ግን አይመለስም።

በዚህ ሙያ የተማራችሁ ወይም ልጅ ያስተማራችሁ ካላችሁ፣ የት እንደተለማመዳችሁ ብቻ ጻፉልን። እህቴ ሦስቱን ጥያቄ በወረቀት ጽፋ ስልካችንን ጨምራ ለሬጅስትራሩ ትታለት መጥታለች። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ ዛሬ ረቡዕ ማታ ነው፤ እስካሁን የደወለልን የለም።