የሩቅ ሰው ቁርጠኝነት

በምኖርበት በሰሜን አየርላንድ፣ በቤልፋስት፣ የካቶሊኮቹን የፎልስ ሰፈር ከፕሮቴስታንቶቹ የሻንኪል ሰፈር የሚለየው አጥር «የሰላም ግንብ» ይባላል። እንዲህ ያሉ ግንቦች መሠራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። የሁለቱ ወገኖች ግጭት እንዲያበቃ የተደረገው የሰላም ስምምነት በ1998 ተፈረመ፤ ግንቦቹን እስከ 2023 አፈርሳለሁ ያለው መንግሥት ግን ቀጠሮውን አላከበረም። ከሥራቸው ከሚኖሩት ብዙዎቹም «ለጊዜው ይቆዩልን» ባይ ናቸው።

እስራኤላዊው የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ምሁር ዳንኤል ባር-ታል እንደሚለው፣ ግጭት ሲረዝም ማኅበረሰቡ የሚጽናናባቸውን እምነቶች ያበጃል፦ ዓላማችን ትክክል ነው፤ ተበዳዮቹ እኛ ብቻ ነን፤ ያኛው ወገን ከሰው አይቆጠርም፤ አንድ ካልሆንን እንጠፋለን። እምነቶቹ መከራውን ለመቻል ያግዛሉ፤ መከራው እንዳያበቃም ያደርጋሉ።

አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ ግን ባሕር ዳር ውስጥ ይህ ስብከት በሙሉ ልብ ሲነገር አልሰማሁም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ከተማዋ ሰዓት እላፊንም፣ የኢንተርኔት መቋረጥንም፣ የመንገድ መዘጋትንም ለምዳለች። ጣና ዳር ዓሣ የሚጠብሱ አንዲት እናት ከአጥማጆቹ ከመግዛታቸው በፊት ስልክ ይደውላሉ፦ «የጎንደሩ መንገድ ክፍት ነው? የደብረ ማርቆሱስ?» መንገድ ከተዘጋ እንግዳ የለም፤ ያደረ ቆሮሶ ደግሞ ኪሳራ ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ሰዎች፣ የማያውቁት ሰው ወንበር ሲስብ ጨዋታቸውን ወደ አርሰናል ያዞራሉ። (አርሰናል ለአገር ይህን ያህል ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም።)

ስለ ጦርነቱ ምን እንደሚያስቡ ሴትዮዋን ጠየቅኋቸው።

«ምን ልበልህ ልጄ» አሉኝ፣ ዓሣውን እየገለበጡ። «ማንም ይተኩስ ማን፣ ደንግጣ የምትነሣው የልጅ ልጄ ናት። እኔ ትምህርት ቤቷ ይከፈትልኝ፤ ሌላውን እናንተ ታውቃላችሁ።»

የመጨረሻዋ ሽሙጥ ለእኛ ለውጭ ነዋሪዎች ነበረች፤ ታንሰናለች እንጂ አትበዛብንም። የባር-ታልን ዝርዝር ከአንድም ሳይጎድል የሰማሁት አውሮፓ ውስጥ፣ ሞቅ ባለ አዳራሽ፣ የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ነው። ባሕር ዳር ያለ ሰው ያመነበትን ነገር ዋጋ በየቀኑ ይከፍላል፤ ስለዚህ ይጠራጠራል፣ ያመነታል፣ አንዳንዴም የሁለቱንም ወገን ጥፋት ይቆጥራል። እኛ የምንከፍለው መዋጮ ብቻ ነው፤ የሚያጠራጥረን ነገርም የለም። ይህ የእኛ ብቻ አመል አይደለም። አሜሪካ የሚኖሩ አየርላንዳውያን ኖሬድ በተባለው ድርጅት በኩል ለእስረኞች ቤተሰቦች በሚል ገንዘብ ሲሰበስቡ፣ ገንዘቡ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ይዋጋ ለነበረው ታጣቂ ቡድን፣ ለአይአርኤ፣ መሣሪያ ይውላል የሚል ክስ ለዓመታት ተከትሏቸዋል። ቦምቡ የሚፈነዳው ግን ቤልፋስት እንጂ ቦስተን አልነበረም።

በቅርቡ በተደረገው ስብሰባችን መዋጮው ለተዘጉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች መጻሕፍት ይሁን ብዬ ሐሳብ አቀረብሁ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው እጁን ሳያወጣ፣ «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የእነሱ የሆንኸው?» አለኝ። የትኞቹን ማለቱ እንደሆነ ብጠይቀው መልስ አልሰጠኝም፤ አዳራሹ ግን አጨበጨበለት።