የአየርላንድ ሙዚቃ ከአሜሪካም ወደ አየርላንድ ሄዷል
«በአሜሪካ ያሉ የአየርላንድ ባንዶች የአገር ቤቱን ሙዚቃ ከመቅዳት ያለፈ ነገር አልሠሩም» የሚል ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ አባባሉ ግን ልክ አይደለም። ብዙ ነገር በተቃራኒው ከአሜሪካ ወደ አየርላንድ ሄዷል። በአየርላንድ የስላይጎ አውራጃ ተወላጅ የሆነው ቫዮሊን ተጫዋች ማይክል ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1914 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ከ1921 ጀምሮ ኒውዮርክ ውስጥ ሸክላ አስቀረጸ። ሸክላዎቹ አየርላንድ ሲደርሱ ስንቱ ተጫዋች የመንደሩን ስልት ትቶ የእሱን ያዘ! የቺካጎ ፖሊስ አዛዥ የነበረው ፍራንሲስ ኦኒልም በ1903 ባሳተመው የአየርላንድ ዜማዎች ስብስብ 1,850 ዜማ አለ። ብዙውን ያገኘው ከራሱ ከከተማዋ ስደተኞች ነው። እነዚህን ሁለት ሰዎች ሳያነሱ ስለዚህ ሙዚቃ መጻፍ ያሳዝናል። «ባንጆ የተባለው ባለ ክር መሣሪያ በአየርላንድ ሙዚቃ ውስጥ ምን አገባው?» ለሚልም፣ የባንጆ ሥሩ አፍሪካ ነው። ወደ አሜሪካ ያመጡት በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ናቸው። ባለ አራት ክሩ ባንጆ በ1920ዎቹ በኒውዮርክ የአየርላንዶች ጭፈራ ቤቶች ውስጥ ይሰማ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ተጫዋቾች የሚቃኙት እንደ ቫዮሊን ነው፣ አንድ ኦክታቭ (ስምንት የድምፅ ደረጃ) ዝቅ አድርገው። ለዚህ ነው የቫዮሊኑን ዜማ ኖታ በኖታ አብሮ የሚሄደው። እኔ ቫዮሊን፣ ባንጆና ጊታር ይዘው ይህን ሙዚቃ የሚጫወቱ ትንንሽ ባንዶችን ከፊት ወንበር ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ቫዮሊንና ባንጆ አንድ ዜማ ይዘው ሲፈጥኑ፣ ጊታሩ ከሥር ምቱን ሲይዝ፣ እግር አርፎ አይቀመጥም። የምቃወመው አንድ ነገር ቢኖር የጊታሩን ድምፅ ማይክሮፎን ላይ ከልክ በላይ መልቀቅ ነው። ያኔ የቫዮሊኑ ጌጥ ሁሉ ይዋጣል።