ክቡር ከንቲባ፣ ሚስማርዎ ደርሷል

ደሴ ከንቲባ አጥታ አታውቅም። ከሰዓት በኋላ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ካፌዎች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት አራት ከንቲባ ያገኛል፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ አውራ ጣታቸውን አሹለው፣ ማኪያቷቸው ቆዳ ሠርቶ። ሹመታቸው የምርጫ ጣጣ የለበትም። ሲምሲቲ ቢልድኢት የሚባለውን የከተማ ግንባታ ጨዋታ ስልካቸው ላይ ጫኑ፣ ለከተማቸው ስም አወጡ፣ አለቀ። እንዲህ ያለ ትጉህ ሹመኛ ተቀምጦልን ሳናመሰግን መቅረታችን ያሳፍራል።

ከእውቀታቸው እንጀምር። ጨዋታው ውስጥ ጥሬ ዕቃው ፋብሪካ ይመረታል፦ ብረት በ1 ደቂቃ፣ እንጨት በ3፣ ፕላስቲክ በ9 ደቂቃ። ከዚያ መደብር ገብቶ ዕቃ ይሆናል፦ ለአንድ ሚስማር ሁለት ብረትና 5 ደቂቃ፣ ለአንድ ሳንቃ ሁለት እንጨትና 30 ደቂቃ፣ ለመዶሻ አንድ ብረት፣ አንድ እንጨትና 14 ደቂቃ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ክቡርነታቸው በቃላቸው ይወጡታል፤ የቤት ኪራይ የሚከፈልበትን ቀን ግን የሚያስታውሷቸው አከራያቸው ናቸው። ፋብሪካ በያዘው ቦታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያመርታል፣ መደብር ግን አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን አይነካም። ስለዚህ ግንባታ የሚጓተተው ብረት ጠፍቶ ሳይሆን መደብሩ ተራ እያስጠበቀ ነው። ይህ ያልገባው ጀማሪ ብረትና እንጨቱን እየሰበሰበ መጋዘኑን ይሞላዋል፤ ከዚያ ያለቀለትን ሚስማር የሚያስገባበት አጥቶ ሲጨነቅ ይውላል። የበሰለው ከንቲባ ያለቀ ዕቃ ሁሉ አያነሳም፤ እስኪፈለግ እዚያው ፋብሪካው ያኖረዋል። ማታ ደግሞ 7 ሰዓት የሚፈጀውን የኤሌክትሪክ ዕቃ አዝዞ ይተኛል፤ ስልኩ ቢዘጋም ፋብሪካው ይሠራል። ማታ ብረት አዝዞ የሚተኛ ከንቲባ ፋብሪካው ከ1 ደቂቃ በኋላ ሥራ ፈትቶ ያድርበታል። እንዲህ ያለውን የሙያ ባልደረቦቹ ጠረጴዛቸው ላይ አያስቀምጡትም።

ትጋታቸው ቦታ አይመርጥም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ሲቀመጡ፣ ሐዘኑ ምን ያህል ቢጎዳቸው ነው ያሰኛሉ። ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ የሀረጎን ጥምዝምዝ ሲያያዙት ጎረቤት ፌስታል እየለመነ ነው፤ እሳቸው መንገድ እያሰፉ ነው። በነገራችን ላይ ጨዋታው ውስጥ መንገድ ሲጨናነቅ ቀለሙ ይቀላል፣ ነዋሪው ያጉረመርማል፣ ግብሩም ይወርዳል። ሳንቲም ከፍለው ያሳድጉታል። ነዋሪው እስኪስቅ እንቅልፍ የላቸውም። የጎረቤታቸውን ጉዳይ ከፌስታሉ በኋላ ያዩታል።

የጽዳት ፖሊሲያቸው ለብቻው ሽልማት ይገባዋል። ፋብሪካ ወይም የፍሳሽ መውጫ ከመኖሪያ ቤት የተጠጋ እንደሆነ ነዋሪው ቤቱን ጥሎ ይወጣል፤ ይህን የማያውቅ ከንቲባ የለም። ስለዚህ የሚሸተውን ሁሉ ለቅመው ካርታው ጥግ ይወስዱታል፣ በምትኩ መሀል ላይ መናፈሻ ይተክላሉ፤ መናፈሻ አጠገቡ ያሉትን ቤቶች ነዋሪ ያበዛል። አንድ ቤት እንኳ የጭስ ምልክት ካሳየ ክቡርነታቸው ይቆጣሉ። ከዚያ በዚያው ጣት የጠጡበትን ሃይላንድ ጨምድደው፣ ገረባውንም ጠቅልለው፣ ቦይ ውስጥ ይለቁታል።

አንወቅሳቸውም፤ ጨዋታው ውስጥ ቦይ የለም። የሚገነቡበት መሬት እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው፤ ጦሳ የሚባል ተራራ አናቱ ላይ አልቆመበትም፣ ክረምት ላይ ከገደሉ ተወርውሮ በየበሩ የሚያልፍ ጎርፍም የለበትም። ፍሳሹ ካርታው ጥግ ደርሶ ይቀራል፤ ከጥጉ ማዶ ሰው አይኖርም። እኛ ዘንድ ግን ጥጉ ኮምቦልቻ ነው። ሃይላንዱ ከቦዩ ወደ ቦርከና ወንዝ፣ በቦርከና ቁልቁል ወደ ወንድም ከተማ ይወርዳል፣ እዚያም ያሉ ከንቲባዎች ቀና ሳይሉ ይረከቡታል። ጨዋታው ከሌሎች ከተሞች ጋር ዕቃ የሚለዋወጡበት ገበያ አለው፤ እኛም ቦርከና አለን።

ለሕዝባቸው ያላቸውን ፍቅር ደግሞ የጨዋታው ዶክተር ቩ ይመስክር። ይህ ሳይንቲስት የሚሠራበት ግንብ ከቆመለት ወዲያ ከተማዋ ላይ አደጋ እንዲያወርድ በከንቲባው ይታዘዛል፤ የሰማይ ድንጋይ ቢባል የሰማይ ድንጋይ ነው። ቤቶቹ ይፈርሳሉ፣ ከንቲባው መልሶ ይሠራቸዋል፣ ለድካሙም የወርቅ ቁልፍ ይቀበላል። በቁልፉ ትምህርት ቤት ይገዛል። ትናንት ነዋሪ አጉረመረመ ብለው እንቅልፍ ያጡት ሰው፣ ዛሬ ያንኑ ነዋሪ በሰማይ ድንጋይ መትተው ለልጆቹ ትምህርት ቤት ያስገቡለታል። ተመቸኝ ብለው ደግሞ እንዳይቸኩሉ! መልሶ ለመሥራት የሚጠይቀው ዕቃ መጋዘን ውስጥ ሳይኖር ድንጋይ የጠራ ከንቲባ ፍርስራሹን ታቅፎ ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ሚስማርና ሳንቃ ያከማቹ፣ ከዚያ ሕዝብዎን ይምቱ።

የበላይ ማዕረግ የሚገባው ግን ሥራ ቦታው መስኮት ላለው ከንቲባ ነው። ከመስኮቱ ወዲህ ሰልፍ፣ ከወዲያ ከንቲባ። የእርሻ ጫማቸውን ሳያወልቁ ከገጠር የመጡ አባት ዶሴያቸውን በመስኮቱ ሲያስገቡ «ሲስተም የለም አባባ፣ ትንሽ ይጠብቁ» ይባላሉ። አባባ ስንት እንደሚጠብቁ ማንም አልነገራቸውም፤ እንንገራቸው። ለአንድ ሲሚንቶ ሁለት ማዕድንና አንድ ኬሚካል ያስፈልጋል። ማዕድኑ 30 ደቂቃ፣ ኬሚካሉ 2 ሰዓት ይፈጃል። ሲሚንቶው ራሱ መደብር ከገባ በኋላ 50 ደቂቃ አለው። መደብሩ ተራ ካለው ደግሞ፣ ነገ ይምጡ።