ሳንሞት ለወረሱን ክቡር ሲቪል ፎርፊቸር

ጉዳዩ፦ ዳውላውን ስለ መክሰስዎ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከገንዘባችን ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ በአሜሪካ ፖሊስ ከወንጀል ጋር ተያይዟል ብሎ የጠረጠረውን ገንዘብና ንብረት ባለቤቱን ሳይከስ የሚወስድበት ሕግ ነዎት። ስምዎን በአማርኛ ስንፈልግ «ውርስ» የሚል አገኘን። ቋንቋችን ለሁለት ነገር አንድ ቃል ነው ያለው፤ አባት ሲሞት ልጅ የሚያገኘውም ውርስ፣ መንግሥት መጥቶ የሚወስደውም ውርስ። የመጀመሪያው ቀብር ይፈልጋል። የእርስዎ የሚፈልገው አንድ የኋላ መብራት የተቃጠለበት መኪና ብቻ ነው። ለወረሳ አዲስ ነን ማለታችን አይደለም። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወርስ አዋጅ ቁጥር 47 ብሎ አስነግሮ፣ ለባለቤቱም መኖሪያ አንዲት ቤት ትቶ ነበር። እርስዎ በአሜሪካ ሀይዌይ ዳር ወርሰው ሲሄዱ የሚተዉልን የማስጠንቀቂያ ወረቀት ነው፤ እሱም ስለ መብራቱ ነው።

ከሁሉ በፊት ስለ ጨዋነትዎ እናመስግን፤ ሰው አይከሱም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚል ተረት አለን፣ ፈሪን ለመሸርደድ የተተረተ። እርስዎ ግን ተረቱን ሥነ ሥርዓት ሕግ አደረጉትና ዳውላውን ፍርድ ቤት አቆሙት። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2003 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በነብራስካ፣ በኢንተርስቴት 80 ላይ፣ ፍጥነት አልፎ የቆመ አንድ ሾፌር በኪራይ መኪናው ውስጥ ካለ ማቀዝቀዣ ሳጥን በፎይል የተጠቀለለ ጥሬ ገንዘብ ተገኘበት። ዕፅ አልተገኘም። ማቀዝቀዣ ያለው የጭነት መኪና ልገዛ ነበር አለ። መዝገቡ ሲከፈት ተከሳሹ ሰውየው አልነበረም፤ የተከሳሽ ስም «124,700 የአሜሪካ ዶላር» ይላል። የሥር ዳኛው ለሰውየው ፈረደ፤ በ2006 ይግባኝ ሰሚው 2 ለ 1 ገለበጠውና በዶላሩ ላይ ተፈረደበት። በመዝገብዎ ውስጥ አንዲት የ1958 ፕሊማውዝ መኪና አለች፣ 64,695 ፓውንድ የሚመዝን የሻርክ ክንፍም አለ፤ ሁለቱም እንደ ሰው ተከራክረው ረትተዋል። የሻርክ ክንፍ ነፃ በሚወጣበት አገር ጥሬ ገንዘብ ዕድሉ ጠማማ ነው።

ልማዱ የመጣው ከመርከብ ሕግ ነው ይላሉ። ባለቤቱ ባሕር ማዶ ነው፣ አይያዝም፤ ስለዚህ ወደብ ላይ ያለው መርከብ ራሱ ይከሰስ። ለዘመኑ አያስኬድም አንልም። አሁን ግን ባለቤቱ ከመኪናው ጎን ቆሟል፣ መንጃ ፈቃዱም በፖሊሱ እጅ ነው። ያም ሆኖ ዳውላው መከሰሱ ይጠቅምዎታል። ተከሳሹ ዕቃ ስለሆነ ሰውየው ወንጀለኛ መባል የለበትም። ማስረጃውም «ከጥርጣሬ በላይ» መሆኑ ቀርቶ ሚዛኑን ትንሽ ካዘነበለ ይበቃል። መንግሥት የሚያቆመው ነፃ ጠበቃም የለም፤ የተያዘው የሚኖሩበት ቤት ካልሆነ በቀር። ዶላር ቤት አይደለማ።

ገንዘቡን እያሸተተ ዕፅ ነክቶታል ስለሚለው ውሻዎ ሳናነሳ አናልፍም። ድሮ በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ነበር። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሲጮህ፣ አንድ ብላቴና ዕፅ ያጠጡና ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ደጅ ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ኋላ ቀርነት ነው ብለን ተውነው። እርስዎ ብላቴናውን በውሻ ተክተው ገመዱን እንዳለ አስቀሩት። ልዩነቱ፣ በእኛ ዘመን ዕፁ ልጁ ሆድ ውስጥ ነበር፤ በእርስዎ ዕፁ ያለው ኖቱ ላይ ነው። በ2009 ከማሳቹሴትስ የወጣ የኬሚስትሪ ጥናት የኮኬይን ርዝራዥ እስከ 90 በመቶ በሚደርሱ የአሜሪካ ኖቶች ላይ አግኝቷል፤ የባንክ መቁጠሪያ ማሽን ከአንዱ ኖት ወደ ሌላው ያዳርሰዋል። ስለዚህ ውሻው ጭራውን ሲቆላ «ይህ ገንዘብ ባንክ ገብቶ ያውቃል» ማለቱ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ግን «ዕፅ ነጋዴ» ብለው ይተረጉሙለታል።

ፖሊስዎ ውሻውን የሚያመጣበትንም ሰዓት እናውቃለን። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 የትራፊክ ጉዳይ ካለቀ በኋላ በቂ ጥርጣሬ ሳይኖር ውሻ እየጠበቁ ሰው ማቆየት አይቻልም ብሏል። ስለዚህ ወረቀቱን ሰጥቶ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ፣ ይመለሳል፦ «ከመሄድህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ? መኪናው ውስጥ ብዙ ጥሬ ገንዘብ አለ?» ከዚያች ቅጽበት በኋላ ያለው ሁሉ «በፈቃዱ» ተብሎ ይጻፋል። የእኛ ሰው በይሉኝታ የመኪናውን ዕቃ መጫኛ ራሱ ከፍቶ ያሳያል፤ እንግዳ መቀበል ለምዶበት። ማለት ያለበት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «መሄድ እችላለሁ?» እና «ፍተሻ አልፈቅድም»። ሁለቱም ያለ ጩኸት ይባላሉ። እምቢ ማለት ብቻውን ለጥርጣሬ በቂ ምክንያት አይሆንም።

አሁን ወደ እቁብ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ቅሬታችን ከቅናት ጋር የተቀላቀለ ነው። ሃያ ሰው በወር አንድ አንድ ሺህ ዶላር የሚጥልበት እቁብ እንበል። ዕጣ የወጣለት ሰው 20,000 ዶላር በላስቲክ አስሮ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ከቨርጂኒያ ወደ አትላንታ ይነዳል። ላስቲኩ በእርስዎ መዝገብ «የዕፅ ነጋዴ አስተሳሰር» ነው፤ የአየር ማጣፈጫው «ሽታ መደበቂያ»፣ የበርገሩ ወረቀት «ሳያርፍ የነዳ» ምልክት። «ገንዘቡ ከየት መጣ?» ሲባል «እቁብ ወጣልኝ» ይላል። «ሎተሪ ነው?» «አይደለም።» «ደሞዝ ነው?» «አይደለም።» «ብድር ነው?» «እሱም በትክክል አይደለም።» በዚህ ጊዜ ፖሊሱ ጓንቱን እያደረገ ነው። የሚያስቀው፣ እቁባችን ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ አንዲት ዶላር አይነካም። እርስዎ ጥሬ ገንዘብን፣ መጠኑ የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ ተቃዋሚ ካልቀረበ በቀር ያለ ዳኛ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ብቻ መውረስ ይችላሉ። ከሁለታችን ሕገ ወጥ የሚመስለው የቱ ነው?

ሌላም ጉድጓድ ቆፍረዋል። ባንክ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባለት አንድ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ግብር አይደለም፣ ክስም አይደለም፤ ገንዘብ ተቀባዩ መታወቂያ አይቶ ጨርሶ ይልከዋል። ወገን ግን «እንዳይጻፍብኝ» ብሎ ዛሬ 9,000፣ ማክሰኞ 9,000 ያስገባል። ጥፋቱ ያ ነው። ከቅጹ ለመሸሽ መከፋፈል ራሱ ወንጀል ነው፣ ላቡን ጠብ አድርጎ ያገኘው ገንዘብ ቢሆን እንኳ። ሃያውን ሺህ በአንድ ቀን፣ በአንድ መስኮት ያስገባ ሰው ምንም አይሆንም። በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያም እንዲሁ ነው፦ ወደ አዲስ አበባ የፈለጉትን ያህል ይዞ መውጣት አልተከለከለም፤ ከ10,000 ዶላር ካለፈ የፊንሰን (የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴር ክፍል) 105 ቁጥር ቅጽ መሙላት ብቻ ነው። ስድስቱን ለባል፣ ስድስቱን ለሚስት ቦርሳ ከፋፍሎ «እያንዳንዳችን ከአሥር በታች ነን» ማለት ብልጠት ይመስላል፤ ለእርስዎ ግን የተዘጋጀ ምሳ ነው።

ከተወሰደ በኋላ ያለው ደረሰኝዎ ደግሞ የሥነ ጽሑፍ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ «መጠኑ ያልተወሰነ የአሜሪካ ገንዘብ» ይላል። ሱቅ ሄደን «መጠኑ ያልተወሰነ ስኳር» ብንገዛ ባለሱቁ ወፍጮ ቤት ይልከናል። ምክንያትዎ ቆጠራው በባንክ ነው የሚል ነው። ስለዚህ ባለገንዘቡ መጠኑን፣ ሰዓቱን፣ የፖሊሱን ስም፣ የመሥሪያ ቤቱን ስምና የጉዳዩን ቁጥር እዚያው ስልኩ ላይ መጻፍ አለበት። አብሮ የሚመጣ ሌላ ወረቀትም አለ፦ «ገንዘቡ የእኔ አይደለም፣ አልጠይቅም» የሚል፣ ፊርማ ብቻ የቀረው። ይፈርሙና ይሂዱ፣ ወይም አብረን ጣቢያ እንሂድ ይባላል። ቴክሳስ ይህን የመንገድ ዳር ፊርማ በ2011 ከልክላለች። በየትም ቢሆን የማይፈረም ወረቀት ነው፤ የሚፈርም ሰው ፍርዱን በገዛ እጁ ጻፈ ማለት ነው።

ከዚያ የአደራ ደብዳቤዎ ይመጣል። አደራ መባሉ ያስቀናል፤ አደራ በላው ራሱ ላኪው ሆኖ። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከያዘው በ60 ቀን፣ የስቴት ፖሊስ ይዞ ለፌዴራል ካስተላለፈው በ90 ቀን ውስጥ ይላካል። ብልሃትዎ ሁሉ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ነው። ሁለት በር ያሳያል። አንደኛው የምሕረት አቤቱታ ነው፤ ቋንቋው ለስላሳ፣ ቅጹ ቀላል። ሁለተኛው የይገባኛል ጥያቄ ነው፤ መሐላ አለው፣ ያስፈራል። ሰው ወደ ለስላሳው ይሄዳል። የምሕረት አቤቱታ ግን «መወረሱ ልክ ነው፣ ብቻ እዘኑልኝ» ማለት ነው፤ የሚወስነውም የወሰደው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው፤ ዳኛ አያየውም። ወደ ዳኛ የሚያስኬደው የይገባኛል ጥያቄው ብቻ ነው። ለእሱ ጠበቃ የግድ አይደለም፣ ልዩ ቅጽም አይጠይቅም፣ ከ2000 ወዲህ ደግሞ ማስያዣ ገንዘብ ቀርቷል። የንብረቱ ቁጥር፣ የእኔ ነው የሚያሰኝ ምክንያት፣ በሐሰት ብምል ልቀጣ የሚል የባለቤቱ ፊርማ፤ በቃ። የጠበቃ ፊርማ ብቻውን አይበቃም፣ የሚምለው ባለገንዘቡ ነው።

ቀኑን ደግሞ እንዴት ይቆጥሩታል! ቢያንስ 35 ቀን ይሰጣሉ፣ ግን የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተላከበት እንጂ ከደረሰበት ቀን አይደለም። ፖስታ ቤት አሥር ቀን ከተኛ የቀሩት 25 ናቸው። የእኛ መልስ ሲሆን ደግሞ ቆጠራው ይገለበጣል፦ የሚቆጠረው እናንተ ዘንድ የደረሰበት ቀን ነው፣ የፖስታ ማህተም አይረዳም። አድራሻ የቀየረ ሰውማ ፎርፊቸር ዶት ጎቭ በሚባል ድረ ገጽ ለ30 ተከታታይ ቀን ስሙን ሳይሆን ዶላሩን እየፈለገ ማደር አለበት። ጥያቄው ከገባ ዐቃቤ ሕግ በ90 ቀን ውስጥ ይከሳል ወይም ይመልሳል። ከከሰሰ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው፦ «ቀድሜ አስገብቻለሁ» ብሎ ዝም ይላል። ያ ለመሥሪያ ቤቱ ነበር። ለፍርድ ቤቱ ሌላ የመሐላ ጥያቄ፣ ከእሱ ቀጥሎ በ21 ቀን የክስ መልስ፣ ቀጥሎ «ማን ነህ፣ ከገንዘቡ ጋር ምን ዝምድና አለህ» የሚል የጥያቄ ቁልል፣ ለእሱም 21 ቀን። አንዷ ካለፈች ባለገንዘቡ ከመዝገቡ ሊሰረዝ ይችላል።

ለምን ሁሉም አይታገልዎትም ቢባል፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። ኢንስቲትዩት ፎር ጀስቲስ የተባለው ድርጅት መረጃ ባገኘባቸው 21 ስቴቶች መካከለኛው የጥሬ ገንዘብ ወረሳ 1,276 ዶላር ነው፤ ማለትም ግማሹ ከዚያ በታች። በዚህ ገንዘብ ጠበቃው ፋይሉን ከፍቶ ቡና ይጠጣበታል። የረታ ሰው የጠበቃ ክፍያ ከመንግሥት ያገኛል የሚል ሕግ አለ፤ እርስዎም ያውቁታል። ስለዚህ ሰውየው ሊረታ ሲል «ግማሹን ውሰድና ተለያየን በል» ይሉታል፣ ወይም ክሱን ራስዎ ያነሳሉ።

የሚወሰደው ገንዘብ የት እንደሚሄድ ካላነሳን ደብዳቤው ጨው አይኖረውም። ከ1984 ወዲህ የአካባቢው ፖሊስ ለፌዴራል ካስረከበው እስከ 80 በመቶ ይመለስለታል። በቴክሳስ የአንድ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ከዚህ ገንዘብ የማርጋሪታ መሥሪያ ማሽን ገዝቷል። ዕፅን በመጠጥ መዋጋት ይሏል ይህ ነው። ደላላም አቁመዋል፦ በመጨረሻ ሰዓት ቲኬት የቆረጠ መንገደኛ ስም ለፌዴራሉ የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ለዲኢኤ የሚያቀብል የአየር መንገድ ሠራተኛ ከተወረሰው ገንዘብ ኮሚሽን ይከፈለው እንደነበር የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ በ2024 አጋልጦ፣ ያ የአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ በኅዳር እንዲቆም ታዟል። በፊላደልፊያ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ 478 ቁጥር የሚባል ችሎት ነበረዎት፤ ዳኛ ያልነበረበት፣ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ የሚያስችልበት። ልጃቸው በ40 ዶላር ዕፅ ሸጠ ተብሎ ከቤታቸው የወጡ ወላጆች የመጡት እዚያ ነው። በ2018 በእርቅ ተዘጋ።

ኒው ሜክሲኮ በ2015፣ ነብራስካ በ2016፣ ሜይን በ2021 «ሰው ሳይፈረድበት ንብረቱ አይወረስም» ብለው በር ዘግተውብዎታል። ኖርዝ ካሮላይናማ ከጥንት ጀምሮ አትወድዎትም፤ ፖሊሶቿ ግን በፌዴራሉ መስኮት ያስገቡዎታል። ያ መስኮት በ2015 ጠበብ ተደርጎ በ2017 ተመልሶ ተከፈተ። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ቅጣቱ ቢበዛ 10,000 ዶላር በሆነበት ጥፋት የ42,000 ዶላር ላንድ ሮቨር በወሰዱበት የኢንዲያና ጉዳይ፣ ከልክ ያለፈ ቅጣት ክልከላው ስቴቶችንም ይይዛል አለ። እንኳን ደስ አለን ሳንባባል በ2024 ያው ፍርድ ቤት መኪናው የተያዘበት ሰው ዋናው ክርክር እስኪደርስ ቀድሞ የመሰማት መብት የለውም ብሎ 6 ለ 3 ወሰነ። መኪናውም እስከዚያ በጓሮዎ ዝናብ ይመታዋል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በራስዎ ደንብ እንጨርስ። ይህ ደብዳቤ ከተላከበት ቀን አንስቶ (ከደረሰዎት ቀን አይደለም) በ35 ቀን ውስጥ፣ በመሐላ፣ በራስዎ ፊርማ፣ የእርስዎ የሚሉትን ነገር ከየት እንዳገኙት ካላስረዱን፣ ዝምታዎን መስማማት አድርገን እንወርስዎታለን። ደረሰኝ እንሰጣለን፤ መጠኑ ያልተወሰነ የሚል።

ከሰላምታ ጋር
የተከሳሽ ዶላር ቤተ ዘመዶች

ግልባጭ፦
ለውሻው
ለማርጋሪታ ማሽኑ