መብራት የሌለው ፎቅ፣ መብራት ያለው ኬዝ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮምፒውተር እገጣጥማለሁ። መተዳደሪያዬ ሌላ ነው፤ ይሄኛው እንደ እድር ሥራ የተጣለብኝ ነው። ደንበኞቼ ጎረቤቶቼ፣ የጎረቤቶቼ የአክስት ልጆች፣ ከዚያም የእነዚያ የአክስት ልጆች የሥራ ባልደረቦች ናቸው። ሁሉም ገና አረፍ ሳይሉ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «መብራት አለው?»

የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ስንት ኮር እንዳለው የሚጠይቅ የለም። ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ ራሙ፣ የቀደመው ዲዲአር 4 ይሁን አዲሱ ዲዲአር 5 ጉዳዬ የሚል የለም። ክፍሎቹ የሚገጠሙበት ሣጥን፣ የኬዙ፣ አንድ ጎን መስታወት ከሆነ፣ ውስጥ ያሉት ፋኖች ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እየቀያየሩ የሚበሩ ከሆነ ዕቃው አንደኛ ነው። ቦታውም ሳሎን ነው፤ ከብፌው አጠገብ፣ እንግዳ በሩን አልፎ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፍበት ላይ። ለልጁ ማጥኛ ተብሎ የተገዛ ኮምፒውተር፣ ልጁ መኝታ ቤት በስልኩ እየተጫወተ፣ እሱ ሳሎን ውስጥ ሲያንጸባርቅ ያመሻል።

እኔ የምጨቀጭቀው ስለ ፓወር ሰፕላይ ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት እየቀነሰ ለየክፍሉ የሚያድል ጥቁር የብረት ሣጥን ነው። እሱ ከተበላሸ ብቻውን አይሞትም፤ ክፉ ቀን ከሆነ ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ማዘርቦርድም ፋይል የሚቀመጥበትን ሃርድ ዲስክም ይዞ ይሄዳል። ጥፋቱ ግን ከኬዙ ግርጌ ተሸፍኖ መቀመጡ ነው። ማንም አያየውም፤ ማንም ለማያየው ነገር ገንዘብ ማውጣት ደግሞ በሰፈራችን አልተለመደም። ቤቱን በዕጣ ከተረከበ በኋላ በሩን በተቀረጸ እንጨት ያልቀየረ፣ ጣሪያውን በጂፕሰም ያላስጌጠ ጎረቤት የለኝም። ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ያስነካ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

መርካቶ አብረን ስንወርድ ክርክሩ ይከፋል። ሻጩ አንዷን ሣጥን ያወርድና «700 ዋት ናት፣ ወንድሜ» ይላል። አነሳታለሁ፤ ውስጧ ትራንስፎርመርም ሙቀት ማብረጃ ብረትም ያለ አይመስልም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው። ጎኗ ላይ «80 ፕላስ» የሚል የወርቅ ምልክት ተለጥፎባታል። ይህ ምልክት ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ሣጥኑ ከግድግዳው ከሚስበው ኃይል ቢያንስ 80 ከመቶውን ለኮምፒውተሩ እንደሚያደርስ የሚመሰክር ሲሆን፣ ከተራው ወደ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲኒየምና ቲታኒየም ያድጋል። መጀመሪያ ተፈትኖ ነው የሚሰጠው። በየሱቁ የማየው ግን በማተሚያ ቤት የተፈተነ ነው። ይህን ሁሉ ለአንድ ደንበኛዬ ስዘረዝር ባለቤቱ በትዕግሥት አዳመጠችኝና፣ «ለመሆኑ ወርቁ ስንት ካራት ነው?» አለች። ሻጩ ፈጥኖ «አሥራ ስምንት!» አለ። በዚያ ቀን የተሸጠው የእሱ ነው።

ስለ ዋጋ ብዙ ባልናገር ይሻለኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ ከ57 ብር ገደማ የተነሳው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ሲሻገር፣ መጋዘን ውስጥ ተኝቶ የነበረው የአቧራ ልብስ የለበሰ ኪቦርድ ሳይቀር ከዶላር ጋር ተነሳ። ሻጩን «ይሄ እኮ ከዓመት በፊት የገባ ነው» ብትሉት፣ «የምተካው በዛሬው ነው» ይላችኋል። ቢወርድም በዛሬው ይሸጥ እንደሆነ ጠይቄው ሳቀ።

ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ይፈለጋል። በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ (ምስል በሚያቀናብረው የኮምፒውተር ክፍል) መመረቱ ሲቀር፣ ሌት ተቀን ሲቃጠሉ የኖሩ ካርዶች በዓለም ገበያ ላይ እንደ ጎርፍ ወረዱ። የተወሰኑት ታጥበውና ተወልውለው እኛ ዘንድ መድረሳቸውን እጠረጥራለሁ። ጥርጣሬዬን ለሻጩ ሳነሳበት በመኪና ደላላ ቃል መለሰልኝ፦ «ሴት የያዘችው ናት። ለቢሮ ሥራ ብቻ።» አድናቂ ነኝ፤ እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ ዋጋ መከራከር ያሳፍራል።

ከመርካቶ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ዕቃ ማድረስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ቃሊቲ ላይ ሚኒባስ ስትይዙ ረዳቱ የኬዙን ካርቶን ከላይ እስከ ታች ይመዝነዋል። «ይሄ ይከፍላል» ይላል። የአንድ ሰው ሒሳብ ትከፍላላችሁ፤ ካርቶኑ በመስኮት በኩል ይቀመጣል። ሁለት ፌርማታ ሳይርቅ ረዳቱ ሦስት ሰው ጭኖ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» እያለ ይመጣና ዓይኑን ካርቶኑ ላይ ይተክላል።

«ከፍሏል እኮ» አልኩት አንዴ።

«ከፍሏል፤ ግን ይጠጋ።»

እውነት ለመናገር ተሳፋሪው ሁሉ ተጠግቶ ነበር። ካርቶኑ ብቻ ነው ደረቅ ሆኖ የተገኘው። አጠገቡ የተቀመጡ አንድ እናት ካርቶኑ ላይ የተሳለውን ባለ ቀለም ፋን ሲመለከቱ ቆይተው «ቬንትሌተር ነው ልጄ? ለዚህ ብርድ?» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ቬንትሌተር ነው። ሦስት ቬንትሌተር።

ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ የሚደርስበትን ደግሞ የማየው ለጥገና ስጠራ ነው። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን አንድ ቤት «ኮምፒውተሩ ይሞቃል፣ ከዚያ ድርግም ይላል» ተብዬ ሄድኩ። ኬዙ ላይ በእጅ የተሠራ ነጭ ዳንቴል ተነጥፏል፤ እንደ ቴሌቪዥኑ፣ እንደ ፍሪጁ፣ እንደ ማንኛውም የተከበረ ዕቃ። ዳንቴሉ ላይ የስኳር ዕቃ፣ አጠገቡ የዕጣን ማጨሻ። ሙቅ አየር የሚወጣው በላይ በኩል እንደሆነ፣ ዳንቴሉም መውጫውን እንደደፈነው አስረዳሁ። የቤቱ እመቤት ቅር አላቸው፦ «ልጄ፣ እሱ እኮ ከአቧራ እንዲከላከልልን ነው።» የመስታወቱን ጎን ከፈትኩት። የዕጣኑ ጢስ ከመንገድ ሥራው አቧራ ጋር ተቦክቶ ፋኖቹ ላይ ቡናማ ለምድ ሠርቷል። የግራፊክስ ካርዱ ፋን ደግሞ ጨርሶ አይዞርም ነበር፤ በሁለት ምላጮቹ መካከል አንድ ፈንዲሻ ተሰክቷል። በወረንጦ ሳወጣው የቤቱ ትንሽ ልጅ ተቀብሎኝ በላው።

ፕሮሰሰር ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልበቃው ጨርሶ ይጠፋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ይህንን ብርዱ ያካክስልናል። ዳንቴልን ግን የሚያካክስ የአየር ጠባይ የለም።

አንድ ሌላ ቤት የገባሁት የማዘርቦርዱ ሰዓት ተዛብቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ቀኑን የምትቆጥረው ሳንቲም የምታክለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስታልቅ፣ ብዙ ማዘርቦርድ ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል። ይሄኛው 2018 ላይ ቆሟል። ቀኑን ሳስተካክል አባወራው እጄን ያዙኝ፦ «ተወው እንጂ! እሱ እኮ ነው ትክክሉ፤ ዘንድሮ 2018 አይደለም እንዴ?» ቀኑ ካልተስተካከለ ድረ ገጾቹ የደኅንነት ማረጋገጫቸው ጊዜው አይገጥምም ብለው እንደማይከፈቱ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። «አየህ፣ የራሳችንን ዘመን ስንይዝ በራቸውን ይዘጉብናል» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ባትሪ ማውራት አልተቻለም።

ትልቁ ነገር ግን ኤሌክትሪኩ ነው። በፎቃችን መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዎች ቆጣሪውን ከማየታቸው በፊት የእኔን መስኮት ያያሉ። ሲቸገሩ «ኢንጂነሩ» ነኝ፤ ሲጨልም «ያ አራተኛ ፎቅ ያለው ልጅ»። ነገሩ እየገፋ ሄዶ ኮሚቴው እሑድ ምሽት ስብሰባ ጠራ። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ፣ ሲናገሩ መነጽራቸውን የሚያወልቁ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ሙያህን እናከብራለን። ግን የምትሠራው ነገር ሕዝቡን እየጎዳው ነው» አሉኝ።

ሒሳብ ይዤ ነበር የሄድኩት። «ጋሼ፣ እኔ የምሞክረው ኮምፒውተር ቢበዛ 400 ዋት ይስባል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ሺህ ዋት ይስባል። አንድ ምጣድ ማለት ስምንት፣ ዘጠኝ ኮምፒውተር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በዚህ ፎቅ ላይ ስንት ምጣድ እንደሚሰካ ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ።»

ከኋላ በኩል አንዲት እናት ተነሱ። «እና እንጀራ አንብላ ነው የምትለው?»

ጭብጨባ ሆነ። እንጀራ እንዳይበላ ያልኩት ነገር እንደሌለ ለማስረዳት እጄን ሳወጣ ሰብሳቢው ዕድሉን ቃለ ጉባኤ ለሚይዘው ሰጡት። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት «ከፍተኛ ኃይል የሚስቡ የኮምፒውተር መሣሪያዎችን» ማብራት ክልክል ሆነ። ከዚያ ማስታወቂያውን ጽፎ የሚያትም ሰው ይፈለግ ጀመር። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነበር። አብሬያቸው ወጣሁ፤ ኮምፒውተሩን አበራሁ፤ ሰብሳቢው ከኋላዬ ቆመው «ክልክል» የሚለውን አደምቅ ዘንድ አዘዙኝ። አምስት ቅጂ አተምን፤ ለየመግቢያው አንድ፣ ለኮሚቴው አንድ። የወረቀቱ ሒሳብ ከወርሃዊ መዋጮዬ ላይ እንደሚታሰብልኝ ነግረውኛል።